ተራዬን ስጠብቅ አብራችሁኝ ለጠበቃችሁ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን። ጠቦ የነበረው የልቤ ቫልቭ በፊኛ ተከፍቶልኛል። ደረቴ አልተቀደደም፤ በብሽሽቴ ደም ስር ቀጭን ቱቦ አስገብተው ነው የሠሩልኝ። ሐኪሞቹንና ነርሶቹን ቀርቤ አመስግኛለሁ። ይህን የምጽፈው ከዚያ በፊት ለነበሩት ወራት ነው። እነሱን ያሻገራችሁኝ እናንተ ናችሁ።

ነገሩን ለማታውቁ፣ በልጅነቴ ቶንሲል ይመላለስብኝ ነበር። በወጉ አልታከመም። ያኔ ቶንሲልን ማን እንደ በሽታ ይቆጥረው ነበር? መዘዙ ግን ልቤ ላይ አረፈ። ቫልቩ ጠበበ፣ ደሙ እንደልብ ማለፍ ሲያቅተው የላይኛው የልቤ ክፍል ተለጠጠ፣ ምቱም ተዘበራረቀ። እባካችሁ፣ የልጆቻችሁን ቶንሲል በቸልታ አትዩት።

ልቤ መቺው እንደተደናገረበት ከበሮ ይሆን ነበር። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ይሮጣል። ማታ ጋደም ስል ትንፋሼ ይቆራረጣል። ትራስ ደራርቤ፣ ቁጭ ብዬ ያነጋሁት ሌሊት ብዙ ነው።

ሕክምናው የዘገየው በጉሮሮ በሚገባው አልትራሳውንድ ሲታይ ልቤ ውስጥ የረጋ ደም ስለተገኘ ነው። ቱቦው ነክቶ ቢያላቅቀው ወደ ጭንቅላት ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት፣ ዋርፋሪንን፣ እየዋጥኩ የረጋው ደም እስኪጠፋ መጠበቅ ነበረብኝ።

ዋርፋሪን ጠባዩ ከባድ ነው። ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ያደማል። ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው፣ አይኤንአር የሚሉት የደም ምርመራ ለእኔ ከ2 እስከ 3 መሆን ነበረበት። ጎመን አንድ ሰሞን በብዛት በልቶ ሌላ ሰሞን መተው ልኬቱን ያናጋዋል። በጾም ወቅት ይሄ ቀላል አይደለም። የታችኛው ፎቅ እማማ፣ በየጎረቤቱ ዞረው «ለእሷ ጎመኑን በልክ፣ ጨዉንም ቀነስ» ብለው ተናገሩልኝ። እድሜ ይስጥዎ፤ እኔ ለማስረዳት አፍሬ ነበር።

የክትትል ክፍሏ ነርስ፣ እህቴ፣ አንቺን በምን ቃል ላመስግን? የተዘበራረቀ ምት ሙሉ ደቂቃ መቆጠር እንዳለበት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። «ሌሊት ልብሽ ሲሮጥ መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ቁጠሪ። ራስሽን ከሳትሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ አፍሽ ከተጣመመ ወይ እጅሽ ከዛለ ግን ደቂቃ አትጠብቂ» አልሽኝ። ባለቤቴ ይህን ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ መጠን አገኘ። ሕመሙ ባይቀንስም፣ የትኛው ሌሊት የሚያስሮጥ፣ የትኛው የሚታገሱት እንደሆነ አወቅሁ።

ጥርሴን አሞኝ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ልገዛ ስመጣ፣ ሌላ ምን መድኃኒት እንደምወስድ ጠይቀህ የከለከልከኝ ፋርማሲስት፣ ከዋርፋሪን ጋር ክፉኛ ሊያደማኝ እንደሚችል አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥህ።

መድኃኒቱን ትተሽ ጠበል ብቻ ያዢ ያሉኝ ነበሩ። ክፋት እንዳልነበራቸው አውቃለሁ። የንስሐ አባቴ ግን «ጠበሉንም ጠጪ፣ መድኃኒቱንም ዋጪ፤ ሁለቱም የእሱ ናቸው» አሉኝ። አባቴ፣ ይህ ቃልዎ ነው ያረጋጋኝ።

ርዕሰ መምህራችን ሳልጠይቃቸው ክፍሌን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት አዛወሩልኝ። ተማሪዎቼ ትንፋሽ አጥሮኝ ሳቆም ዝም ብለው ይጠብቁኝ ነበር። የብሎካችን ልጆች፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ጀሪካን ውሃ አራተኛ ፎቅ ያወጣችሁልኝ፣ እደጉልኝ።

አሁን ጋደም ብዬ እተኛለሁ። ደረጃውንም ሳላርፍ እወጣለሁ። ምቱ ግን ገና አልተስተካከለም፤ ዋርፋሪኑም፣ የቶንሲሉ መዘዝ ልቤን ዳግም እንዳይጎዳ የምወጋው ወርኃዊው የፔኒሲሊን መርፌም ይቀጥላል።

በ21 የማርያም ጽዋ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ባለፈው እማማ ደግሰውልኝ ነበር። ሁላችሁም ኑልኝ።

አክባሪያችሁ፣ የአራተኛ ፎቋ መምህርት