የቅዳሜው ውይይት፦ ለራስ መራራት

እህቶች፣ ሰላም ለሁላችሁ። የሕንድ፣ የፓኪስታንና የስሪላንካ ጎረቤቶቻችን ቅዳሜ ለሚያደርጉት የሴቶች ውይይት ጋብዘውናል። ርዕሱ በልጅነት የተጎዳ ስሜትን ማከምና ለራስ መራራት ነው።

ቦታው የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት፣ ፎቅ ላይ። ሰዓቱ በፈረንጅ ከቀትር በኋላ 3፣ በእኛ 9 ሰዓት።

የሚያነሱት ጉዳይ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይሆንም። በትምህርት ውጤት ከአክስት ልጅ ጋር እየተነጻጸሩ ማደግ። «ትጠቁሪያለሽ» ተብሎ ከፀሐይ መከልከል። ወንድም ሲጫወት ለእንግዳ ሻይ ማቅረብ። ሲከፋ ደግሞ «ሰው ምን ይላል?» ወላጆችን ለመክሰስ ግን አይደለም የሚሰበሰቡት። የአንዳንዶቹ አያቶች እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ቤታቸውን ጥለው የተሰደዱ ናቸው። ስለዚያ በቤት ውስጥ ብዙም አይወራም።

መልመጃው የመጣው ከዚያው ከደቡብ እስያ፣ ከቡድሂዝም ባህል ነው። መልካም ምኞት መጀመሪያ ለራስ፣ ቀጥሎ ለወዳጅ፣ በኋላም ለተቀየሙት ሰው ይባላል። (የኋለኛው ለእኔ ይከብደኛል።) ከዚያ እያንዳንዷ ለልጅነቷ አጭር ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ማንበብ ግዴታ አይደለም። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ።

ምግብ የምታመጡ የጾም ይሁን፣ እንቁላልም አይኑርበት። ፎቶና ቅጂ ክልክል ነው፣ የተባለውም እዚያው ይቅር። ይህ ሕክምና ስላልሆነ፣ ከበድ ያለ ነገር ያለባት ለብቻ ትጻፍልኝ፤ ባለሙያ አብረን እንፈልጋለን።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «እመጣለሁ» በሉ። አስተርጓሚ የምትፈልጉም አብራችሁ ጻፉ።