ያልደረስኩት ለቅሶ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ እንደምታውቀው ነው። ዛሬ ጠዋት ደጁ ላይ ያለው ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ አደረ።

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ 3ኛ ቀኔ ነው። ሁለቱን ቀን ሰላምታውን ብቻ እየጻፍኩ ተነሳሁ። ዛሬ ዋናውን ላስቀድም። እናትህ ሲያርፉ አልመጣሁም። ለቅሶ አልደረስኩህም። ይኸው ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፋሲካ ሊደርስ 10 ቀን ገደማ ቀርቶታል። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጆንያ ተደርድሯል። ስልኩ ሲደወል ሞተሩ ስለሚጮህ ውጪ ወጥቼ አነሳሁት። መርዶውን ሰማሁ። ሞላሌ ደግሞ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ጣርማ በር ደርሶ ወደ መንዝ መታጠፍ ነው። ያኔውኑ ተነስቼ ብሄድ ለቀብር እደርስ ነበር። ግን «ይህችን ወረፋ ላሳልፍና ለሠልስት እሄዳለሁ» አልኩ። ወረፋው አላለቀም። ከዚያ ለአርባቸው አልኩ። አርባው አለፈ፣ ሰማንያውም አለፈ። በዓመቱ ደግሞ እፍረቱ ራሱ አላስኬድ አለኝ። አንተ አንድ ጊዜ ደወልክ። ስልኩ እጄ ላይ ሆኖ ሲጮህ ስምህን አየሁት። አላነሳሁም። ምን ብዬ ላንሳ? ከዚያ በኋላ አልደወልክም፤ እውነትህን ነው።

እናትህ ለእኔ ማን እንደነበሩ አንተ ታውቃለህ። 9ኛ ክፍል ሆነን ያቺን አንዲት ክፍል ስንከራይ፣ የበግ ጠጉር በገዛ እጃቸው ፈትለው ያሠሩትን ባና ላኩልን። ሁለታችን አንድ ፍራሽ ላይ እሱን ለብሰን ነው የተማርነው። ኩራዝ ወድቆ ያቃጠለውን ጫፍ ታስታውሳለህ? ለገና ይዘነው ስንሄድ አንድ ቃል ሳይናገሩ በጥቁር ክር ጠቀሙት። ባናው ዛሬም አልጋዬ ላይ ነው። ማታ ስተኛ እጄ ያንን ጥቁር ስፌት ይነካዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ እየነካሁት ተኛሁ።

ታዲያ ዛሬ ምን አጻፈህ ትለኝ ይሆናል። ትንሽ ረዘም ቢልም ልንገርህ።

የዛሬ ሦስት ዓመት አካባቢ ነው። ከሰፈራችን ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቤታቸው መጽሐፍ ቅዱስ እንድናነብ ጠሩን። አምስት ነን። እሳቸው፣ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ፣ አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ፣ ማንበብ የማይችሉ አንዲት እማሆይና እኔ። አንድ መርጌታም ሲመቻቸው ይመጣሉ፤ ትርጓሜውን የሚያቃኑልን እሳቸው ናቸው። ቆሎ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ አንድ ምዕራፍ ይነበባል። መብራት ከጠፋ በጧፍ እናነባለን። ሌላ ነገር የለውም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ስሄድ ብዙ የምጨምር አልመሰለኝም ነበር። ዳዊት ከልጅነቴ ጀምሮ እደግማለሁ፤ አባቴ ያስለመዱኝ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ እንዲያ እያልኩ ሳምንቱን እዘልቃለሁ። ግን አፌ ነበር የሚደግመው። ልቤ ወፍጮ ቤት ነው። መዝሙር 14 ላይ «አቤቱ፥ በድንኳንህ ውስጥ ማን ያድራል?» ይላል። መልሱም እዚያው አለ፤ በባልንጀራው ላይ ክፉ የማያደርግ ነው የሚለው። ይህን በየሰኞው ሃያ ምናምን ዓመት ደግሜ፣ ዳዊቱን ስሜ አስቀምጬ፣ ሄጄ ሚዛኔ ላይ እቆም ነበር።

የሚዛኑን ነገር ለማንም በደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ላንተ ልጻፈው።

ወፍጮ ቤት ያለችው ሚዛን ባዶዋን ስትሆን መርፌዋ ዜሮ ላይ አትቆምም ነበር። ግማሽ ኪሎ ያህል አልፋ ነው የምትቆመው። መቼ እንደተበላሸች አላስታውስም። ማወቁን ግን አውቃለሁ። «ነገ አስተካክላታለሁ» እያልኩ ከዓመት በላይ ቆየሁ። ደግሞ 100 ኪሎ ጤፍ ለሚያስፈጭ ሰው ግማሽ ኪሎ ምንድን ነው እል ነበር። አንድ ሐሙስ ምሳሌ 11 ላይ ደረስን። የመጀመሪያው ቁጥር ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ መሆኑን ይናገራል። ያነበበችው ተማሪዋ ናት። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ አንብባ ወደሚቀጥለው አለፈች። እኔ አላለፍኩም። የምዕራፉን ቀሪ አልሰማሁትም ብል ይሻላል።

ሌሊቱን ሂሳብ ስሠራ አደርኩ። 100 ኪሎ የሚያስፈጨው ባለሱቅ አይደለም የታየኝ። ከታች ሰፈር በአገልግል 5 ኪሎ ገብስ አዝለው የሚመጡት ሴትዮ ናቸው የታዩኝ። ከ5 ኪሎ ላይ ግማሽ ኪሎ ማለት ከአሥር አንድ ነው። እኔ ከእሳቸው አሥራት ስሰበስብ ኖሬአለሁ።

ጠዋት ሞተሩን ሳላስነሳ ሚዛኗን ፈታሁ። መርፌዋን የያዘችው ብሎን ላልታ ነበር። አንድ ብሎን! በሩብ ሰዓት አለቀ። ዓመት ሙሉ ያልተገኘው ሩብ ሰዓት መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ከዚያ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ መለሰ፣ እኔ የማንን ልመልስ፣ ስንቱን አውቀዋለሁ አልኳቸው። «የምታውቃቸውን ስማቸውን ጻፍና መልስ፤ ለማታውቃቸው ለነዳያን ስጥ» አሉኝ። የሰባት ሰው ስም ጻፍኩ። ሴትዮዋ ቤት ስሄድ ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ? ገንዘቡን ተቀበሉና «ልጄ፣ እኔም እኮ ሁልጊዜ ከቤት ስሰፍረው ያንሳል እል ነበር» አሉኝ። ያውቁ ኖሯል። ዝም ብለው ሲከፍሉኝ ኖሯል። ይህን ስሰማ የገባሁበትን እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ንባብ ሰውን ይቀይራል ሲባል እንዲህ ያለ ነገር አይመስለኝም ነበር። ልብ የሚያሞቅ፣ እንባ የሚያመጣ ነገር እጠብቅ ነበር። የመጣልኝ ብሎን ነው።

የባጃጁ ልጅ ደግሞ ሳያስበው አንድ ልማድ አስጀመረን። ያዕቆብ 3ን፣ «አንደበትም እሳት ነው» የሚለውን ባነበብን በሳምንቱ፣ መጽሐፉ ገና ሳይገለጥ «እና ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም መልስ አልነበረውም። እሱ ግን ነበረው። አንድ አሮጊት ተሳፋሪ ላይ ጮሆ፣ አድርሷቸው ከተመለሰ በኋላ መልሶ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የሚጀመረው በዚህ ጥያቄ ነው። አንዳንዴ ጥያቄው ይከብዳል፤ መቅረት ያምርሃል። ግን እሱ ባይኖር እስካሁን ቆሎና ቡና ብቻ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

መምህሩ አንድ ቀን ስለ አቡ ሩሚ አጫወቱን። አማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ የተረጎሙት እሳቸው ናቸው። ካይሮ ተቀምጠው፣ ከአንድ የፈረንሳይ ቆንስል ጋር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ለ10 ዓመት። እ.ኤ.አ. በ1819 በወረርሽኝ ሲያርፉ ገና ምንም አልታተመም ነበር። ሙሉው የታተመው በ1840 ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ! እኔ ይህን ስሰማ የእኛ ሐሙስ ትንሽ መስሎ መታየቱ ቀረልኝ። ሐሙስ ላይ ቅዳሜ ማታን ጨመርንበት። ግጻዌውን አይተን የነገውን ቅዳሴ ምንባብ፣ የጳውሎሱን፣ የሌላውን መልእክት፣ የሐዋርያት ሥራውን፣ ምስባኩንና ወንጌሉን ቤት እናነባለን። እሑድ ዲያቆኑ ሲያነብ ቃሉ የማውቀው ሰው መስሎ ይመጣብኛል። ድሮ በዚያ ሰዓት ስንት ሰው ቀሚስ እንደቀየረ ነበር የማየው።

ተለውጠሃል ወይ ካልከኝ፣ አልዋሽህም። ትናንት ልጄ ላይ ጮኬአለሁ። ደብተሩን ዱቄት ላይ ስለጣለ ብቻ። ግን አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ድሮ ተቆጥቼ ይቅርታ የሚባል አልነበረም። በኋላ ሳምንት ይፈጅብኝ ጀመር። ኤፌሶን 4 «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ይላል፤ ትናንት ሳይመሽ ሄጄ አቀፍኩት። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ የሥጋውን «ሥራ» አለው፣ የመንፈሱን ግን «ፍሬ»። እኔ ቀኑን ሙሉ ገብስ ስፈጭ የምውል ሰው ነኝ፣ ልዩነቱ ይገባኛል። ሰኔ የተዘራው ይኸው አሁን ነው የሚታጨደው። መሀል ላይ ማንም ሄዶ አይጎትተውም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ባለፈው መስከረም ኢዮብን ጀመርን። ምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ ሦስቱ ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ይመጣሉ። ከየአገራቸው ተቀጣጥረው ነው የመጡት። ከሩቅ አይተው አለቀሱ፣ ልብሳቸውን ቀደዱ፣ ከእርሱም ጋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድ ቃል የተናገረ የለም። ተማሪዋ «እነዚህ ግን በኋላ የሚወቀሱት አይደሉም?» አለች። እማሆይ መለሱላት። «ይወቀሱ እንጂ! ግን ለቅሶ ደርሰዋል» አሉ።

ቆሎው እጄ ላይ ቀረ። በልጅነታችን እነዚያን ሦስቱን እንዴት እንንቃቸው እንደነበር አስታወስኩ። እኔ እነሱን እንኳ አላክልም። እነሱ ቢያንስ ሰባት ቀን ቁጭ ብለዋል። እኔ አንድ ቀን፣ አንዲት ሰዓት ካንተ ጎን መሬት ላይ አልተቀመጥኩም።

በሳምንቱ ልጁ «ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ምን ሆነ?» ሲል ዝም አልኩ። በሚቀጥለውም ዝም አልኩ። አራተኛው ሐሙስ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባናውን፣ ስልኩን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን። ማንም አልገሰጸኝም። መምህሩ ማቴዎስ 5ን ገልጠው አቀበሉኝና ራስህ አንብበው አሉኝ። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለውን ማለቴ ነው። አንተ እኔን ምን አድርገኸኝ? ምንም። የተቀየምከው አንተ፣ ያጠፋሁት እኔ። ቃሉም ስለዚህ ነው የሚያወራው፤ አንተ ወንድምህን ብትቀየም አይልም፣ ወንድምህ ባንተ ላይ አንዳች ቢኖረው ነው የሚለው። ስንት ጊዜ አንብቤው እንዲህ አላየሁትም ነበር።

ስልክ ያልደወልኩት ራሴን ስለማውቅ ነው። ስልክ ላይ «እንዴት ነህ፣ ኑሮ እንዴት ነው» እያልኩ በወሬ አመልጣለሁ። ወረቀቱ ግን አያስመልጥም።

ይቅርታ አድርግልኝ። በእናትህ ይቅርታ አድርግልኝ። ሥራ አልነበረም የያዘኝ፤ ከእሳቸው ሞት ይልቅ ወረፋው ከብዶኝ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የዘገየሁት ይህንን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው።

መልስ እስክትሰጠኝ ብዙ ሊቆይ ይችላል። ባትሰጠኝም መብትህ ነው። እኔ ግን ከጥምቀት በኋላ ወፍጮውን ለሁለት ቀን ዘግቼ ሞላሌ እሄዳለሁ። ጧፍና ዕጣን ይዣለሁ፤ ቄሱንም ፍትሐት እንዲያደርሱላቸው እለምናለሁ። አንተ ብትመጣና አብረን ብንሄድ ደስታዬ ነው። ካልመጣህም ለልጅህ ለታናሹ ያንን ባና ልላክለት እንዴ እያልኩ ሳስብ ነበር። የቃጠሎው ስፌት ላይ እጁ እንዲያርፍ። የአያቱ እጅ ነው። ወይስ እዚያው አልጋዬ ላይ ይቆይ? አንተ ወስን።

አንድ ነገር ብቻ በቶሎ ጻፍልኝ፣ በቴክስትም ይሁን። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰፊ ነው፣ ለመጠየቅም አፈርኩ። እናትህ የተቀበሩት በየትኛው በኩል ነው?

ወንድምህ፣
ባለወፍጮው