ጠራቢዎቹን ወደ ፊት አምጧቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጅማ ላይ የባህልና የዕደ ጥበብ በዓል በተዘጋጀ ቁጥር ሳልሄድ አልቀርም። ባለፈው ግን ከፍቶኝ ተመለስኩ። ሕዝቡ መድረኩንና የድምፅ ማጉያውን ከቦ ሳለ፣ አንድ አዛውንት በርጩማ ጠራቢ ከድንኳኖቹ ሁሉ ኋላ፣ አጥር ሥር ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ሥራቸውን አየሁ። የዋንዛውን ግንድ በጉልበታቸው አጣብቀው በመሮ ይፈለፍሉታል፤ መቀመጫውም፣ ሦስቱም እግሮች ከዚያው ከአንዱ ግንድ ይወጣሉ። ሚስማር የለ፣ ኮላ የለ። ጎድጎድ ያለውን መቀመጫ በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ የሻከረውን ደግመው ይፍቁታል። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው!

ጅማ በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ያደገች ከተማ ናት። ጅሬን ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም እስከ ዛሬ በእንጨት ሥራው ይደነቃል። ታዲያ ጠራቢው ስለምን አጥር ሥር ይቀመጣል?

አዘጋጆቹን የምለምነው ብዙ አይደለም። ባለሙያዎቹ መግቢያው በር ላይ ይሥሩ፤ የቦታ ኪራይ አይጠየቁ፤ ልጆችም መሮውን በእጃቸው ይሞክሩት። እኒያ አዛውንት ከልጆቻቸው አንድም ሙያውን የተማረ እንደሌለ ነግረውኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ