የሦስት መቶ ዶላሩ ነገር

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ቀድሞ ታጣቂዎች መልሶ ማቋቋም ያወጣችሁትን ሳነብ ላይቤሪያ ትዝ አለችኝ። በሰላም አስከባሪነት ዝዌድሩ በምትባል ከተማዋ ነበርኩ። ጦርነቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ካበቃ በኋላ ትጥቅ ለፈታ 300 ዶላር በሁለት ዙር ይከፈል ነበር። ጠመንጃ የሌለውም 150 ጥይት ይዞ ከመጣ ይመዘገባል። ቀዳዳዋ እሷ ነበረች፤ አንዳንድ አዛዦች ጥይቱን ላልተዋጋ ሰው ያድሉና ከክፍያው ድርሻቸውን ይቆርጣሉ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦ የተሰበሰበው መሣሪያ 30 ሺህ እንኳ አልሞላም።

በራችን ላይ ውሃ በላስቲክ እየቋጠረ የሚሸጥ ልጅ ነበር፤ አሥራ ሰባት ቢሆነው ነው። ሲዋጋ የኖረው እሱ፣ ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው የአዛዡ የአጎት ልጅ። «ጠመንጃዬን አለቃዬ ወሰደው» አለኝ፣ ሳንቲሙን እየቆጠረ። አልተናደደም፤ እኔን የከነከነኝም አለመናደዱ ነው።

አሁን የእኛዎቹ የቀድሞ ታጣቂዎች ተራ ደርሷል። መቀሌ ላይ ትጥቅ የማስፈታቱ ሥራ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተጀምሯል። እባካችሁ ጠይቁልን፦ ስም ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ማን ነው? አዛዡ ከሆነ፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ዝርዝሩ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ጎረቤት ማን እንደዘመተ ያውቃል።

ጡረተኛ መቶ አለቃ፣ ከደብረ ብርሃን