አፄዎቹ ጸሐፌ ትዕዛዝ ያስፈልጋቸዋል

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽ/ቤት
ግልባጭ፦ ለከተማው የስፖርት መምሪያ፣ ለፋሲል ከነማ ስፖርት ክለብ
ጉዳዩ፦ የድሮ ተጫዋቾቻችን ታሪክ ሳይጠፋ እንዲሰበሰብልን ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ ጤና ይስጥልኝ። እስከ "ጉዳዩ" ድረስ እንደ ደንቡ መጣሁ፣ ከዚ በኋላ ግን እንደምናወራው ነው የምጽፍልዎት፣ የቢሮ አማርኛ ስጀምር የምፈልገው ነገር ይጠፋብኛል።

ሰሞኑን አንድ ሰው ቀብረናል። ድሮ ለፋሲል የተጫወተ፣ የግራ ክንፍ። ስሙን እዚ አልጠራም፣ ልጆቹ ናቸው አደራ ያሉን፣ ስሙና ፎቶው ፌስቡክ ላይ ከዞረ ነገ አንዱ ተነስቶ የባንክ አካውንት ለጥፎ በሱ ስም ብር ይለቅማል ብለው ፈሩ፣ እውነታቸውን ነው፣ እንደዚ ሲደረግ አይተናል። ስለዚ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፣ ሰፈሩም ሲጠራው የኖረው እንደዚሁ ነው፣ ከአራዳ እስከ አዘዞ ኳስ የሚወድ ሰው ማን እንደሆነ ያውቀዋል።

እኔ የደረስኩበት መጨረሻው ላይ ነው፣ ጉልበቱ ሲያልቅ። ቢሆንም አየሁት። ካልሲውን ወደ ቁርጭምጭሚቱ አውርዶ መስመሩ ላይ ይቆማል፣ ኳስ ሲደርሰው አይሮጥም፣ ተከላካዩ እስኪመጣለት ይጠብቃል፣ ከዛ አንድ አብዶ አለችው ያቺኑ ይሠራታል፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ይመስልና በውጭ በኩል ያልፋል። ሁሌ በውጭ! ስታዲየሙ ሙሉ ያውቃል፣ ተከላካዩም ያውቃል፣ እና ያልፋል። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ "ምነው ይሄ ልጅ አንዴ እንኳ ሳይሸወድ ቢቀር" ሲሉ ትዝ ይለኛል፣ ለተከላካዩ አዝነው ማለት ነው።

ኳስ ካቆመ በኋላ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት የሰፈር ልጆች ያሰለጥን ነበር፣ ደሞዝ የለው፣ ፊሽካ የለው፣ በሁለት ጣቱ ነበር የሚያፏጨው። ማንም ልጅ ደብተሩን ሳያሳየው ሜዳ አይገባም። ሒሳብ ላይ ኤክስ የበዛበትን ልጅ ዳር ያስቀምጠዋል፣ ልጁ እያለቀሰ ጓደኞቹ ሲጫወቱ ያያል። ዛሬ ኢንጂነር የሆነ አንዱ ለቅሶ ላይ ይሄን ሲያወራ ሳቅም ለቅሶም ተደባለቀብን።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ። እንደሚያውቁት በኛ አገር ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ቤተሰቡ "የኳሱን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ፣ እናንተ ጻፉት" ብለው ለኛ ለደጋፊዎች ሰጡን፣ ደስ አለን፣ አንድ ደብተር ይዘን የዕድሩ ድንኳን ጥግ ቁጭ አልን። ከዛ ጉዳችን ፈላ። መቼ ነው ክለቡ የገባው? አንዱ በ72 ነው ይላል፣ ሌላው ኧረ በ75 ነው እኔ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ ይላል። ከባህር ዳሮች ጋር ሁለት ያገባበት ጨዋታስ? ጎንደር ነው የለም ባህር ዳር ነው፣ ዘንቦ ነበር የለም ፀሐይ ነበር። ለክፍለ ሀገሩ ምርጥ ተመርጧል ወይስ ተጠርቶ ሳይሄድ ቀረ? አንድ የሚያውቅ በረኛ አለ ተባለ፣ ለካ እሱም አምና አርፏል። መዝገብ ይኖራል ብለን የጠየቅንበት ቦታ ደግሞ "ቢሮ ሲቀየር የድሮው ወረቀት ተጥሏል" አሉን፣ የት እንደሆነ አልጽፍም፣ ሰው ለማስወቀስ አይደለም የምጽፈው፣ ሰዎቹም ሲነግሩን ከልባቸው አፍረው ነበር።

በመጨረሻ የተነበበው "ለበርካታ ዓመታት ክለቡን በታማኝነት አገልግሏል" የሚል ነው። በቃ ይሄ ነው፣ ለሰውየው ሙሉ ወጣትነት።

ቤቱ አንድ ፎቶ አለ። ጥቁርና ነጭ፣ ከዳር በኩል ውሃ ነክቶት ያበጠ። አሥራ አንድ ሰው ነው፣ ስድስቱ ቆመዋል አምስቱ በርከክ ብለዋል፣ ጋሼ ከታች ከግራ ሁለተኛ ነው፣ ጭኑ ላይ ኳስ አስቀምጦ። ከጀርባው በእርሳስ ስም ተጽፏል፣ የሚነበበው አራት ብቻ ነው። አንዱ ላይ "መም" ብቻ ቀርቷል፣ መምህር ይሁን መምሩ ይሁን የሚያውቅ የለም። ፎቶው ላይ ካሉት ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያሉ እኛ የምናውቃቸው ሁለት ናቸው፣ አንደኛው ዓይናቸው ስለደከመ ፎቶውን ማየት አልቻሉም፣ ፊቶቹን እየገለጽንላቸው ነው የሚነግሩን፣ "ጆሮው ትልቅ ነው? እንግዲያው እሱ ነው" እያሉ።

አሁን ይሄን ከሌላው ጋር ያስተያዩት። መንግሥቱ ወርቁን ማንም ያውቃል፣ በ1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ስናሸንፍና የአፍሪካ ዋንጫን ስንበላ በጭማሪው ሰዓት አራተኛዋን ያገባው እሱ ነው፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ፣ ኢታሎ አገባ፣ ግርማ ተክሌ አገባ። ይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝ ነበሩ፣ ሉቺያኖ አምበል ሆኖ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። መንግሥቱ በ2003 ሲያርፍም ምን ተብሎ ይጻፍ ብሎ የተቸገረ የለም፣ በ1980 ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥኖ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ፣ ሴካፋን፣ ማንሳቱ ሳይቀር ተጽፎ ተቀምጧል። ለምን? ብሔራዊ ቡድን ስለሆነ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስለሚመዘግበው፣ ጋዜጣ ስለነበረ። የክፍለ ሀገር ኳስ ግን ማን ይጽፈዋል? ተመልካቹ ነው መዝገቡ፣ ተመልካቹ ደግሞ እየሞተ ነው።

እና የሚገርመኝ ይሄ የሚሆነው ጎንደር ላይ መሆኑ ነው። ፋሲለደስ በ1636 በፈረንጆቹ ከተማዋን መቆርቆሩን ግንብ በር ላይ ያለ አስጎብኚ እንቅልፉን ሳይለቅ ይነግርዎታል። አፄ ኢያሱ የት እንዳደሩ ከማን ጋር እንደተዋጉ የምናውቀው ከሥራቸው የሚጽፍ ጸሐፌ ትዕዛዝ ስለነበር ነው፣ አፄ በካፋም እንደዛው፣ ዜና መዋዕላቸው እስከ ዛሬ ይነበባል። ክለባችን ደግሞ ቅጽል ስሙ አፄዎቹ ነው! የአፄዎቹ ጸሐፊ ታዲያ የት አለ? ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነውን በዓመት በወር እናውቃለን፣ የ1978ቱን ግን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን እንከራከራለን።

የአሁኖቹስ ግድ የለም፣ እነሱን ካሜራ ይይዛቸዋል። በ2011 ጥሎ ማለፉን ማንሳታችን፣ በ2013 በሥዩም ከበደ አሰልጣኝነት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ መብላታችን፣ ከዛ በቻምፒየንስ ሊጉ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ባህር ዳር 2 ለ 2 ኦምዱርማን 1 ለ 1 ወጥተን ሳንሸነፍ ከሜዳ ውጪ በገባ ጎል ብቻ መውደቃችን (እስካሁን ያንገበግበኛል እሱ)፣ የፈለገ ሰው ዩቲዩብ ላይ ያገኘዋል። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የጎንደር ልጅ ፋሲልን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው፣ ዋንጫውንም የበላነው ከቤታችን ርቀን ነው። ይሄ ልጅ አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም በር ላይ ሲያልፍ እዛ ማን እንደተጫወተ የሚነግረው ግድግዳ የለም።

የምጠይቀው ይሄ ነው። ሐውልት አልጠየቅኩም፣ መንገድ በስሙ ይሰየም አላልኩም፣ በስሙ ዋንጫ ይዘጋጅ የሚሉም አሉ፣ ይዘጋጅ ደስ ይለኛል፣ ግን ዋንጫው ላይ የሚጻፈው የሕይወት ታሪክ ያው "በርካታ ዓመታት" ከሆነ ምን ዋጋ አለው። እኔ የምለው ስታዲየሙ ውስጥ አንዲት ክፍል ትሰጥ፣ የሚቆለፍ ካቢኔት ይግባባት፣ አንድ ሰው ይመደብ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሪክ የሚማሩ ልጆች ሞልተዋል፣ መመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ ነው የምናያቸው፣ በደብዳቤ ከጠየቃችኋቸው የቀድሞ ተጫዋቾችን ቤት ለቤት እየሄዱ ድምፃቸውን ይቀዳሉ፣ ፎቶውን ስካን አድርገው ኦሪጅናሉን ለባለቤቱ ይመልሳሉ (ይሄ በደንብ ይሰመርበት፣ ፎቶ ተውሶ የሚመልስ ስለማይገኝ ነው ሰው የሚደብቀው)። ሬድዮ ላይ በሳምንት አንዴ "ይሄን ጨዋታ የሚያስታውስ ይደውል" ቢባል ደግሞ ስልኩ እንደሚጨናነቅ ቃል እገባለሁ። አንዱ የሚለው ብቻውን አይታመንም፣ ሦስት ሰው ከተስማማ ይመዝገብ፣ ካልተስማማም ሁለቱም ወገን ያለው ይጻፍ፣ የዘነበበትም ፀሐይ የነበረበትም።

ከተማዋ ባለችበት ሁኔታ አሁን ኳስ ነው ወይ የሚያሳስበው የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ዳቦና ሰላም ይቀድማል፣ ማንም ጎንደሬ ይሄን ለመማር የኔን ደብዳቤ አይጠብቅም። ግን ይሄ ነገር በጀት ዓመት አይጠብቅም፣ ሽማግሌዎቹ ናቸው መዝገቡ። ሰላም ሲሆን ክፍሉን መሥራት ይቻላል፣ ያኔ ግን የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። መንግሥት ባይችል እንኳ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ቢጽፍልን ሌላውን እኛ ደጋፊዎች እንሯሯጣለን፣ ስካነር የሚያውስ ፎቶ ቤትም አግኝተናል።

የጋሼ ልጆች ፎቶውን ለማዋስ ፈቅደዋል፣ እስከ አርባው ድረስ ቤት ስላሉ፣ ከዛ በኋላ ትልቋ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች ፎቶውም አብሯት ይሄዳል። እኚያ ዓይናቸው የደከመው አዛውንትም ጠዋት ጠዋት ደህና ናቸው፣ ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል፣ ስለዚ የሚመደብ ባለሙያ ካለ ጠዋት ቢመጣ ይሻላል፣ ቤቱን የሚያሳየው ሰው ከኛ ከደጋፊዎቹ ይመደባል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፋሲል ደጋፊ፣ ጎንደር