ላፕቶፖቹን ከመግዛታችን በፊት

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ለኮዬ ፈጬ ልጆች ላፕቶፕ እንግዛ ያልነው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ትናንት አንድ ወዳጄ ቤት ያቺን ኤክስኦ (XO) የምትባለውን አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፕ አየኋት፤ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ምሁር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2005 በ100 ዶላር ለድሃ አገር ልጆች ትዳረሳለች ብሎ ያስተዋወቃት፣ ተመርታ ስትወጣ ግን ዋጋዋ ወደ 200 ዶላር የተጠጋው። ወደ አገራችንም በሺዎች ገብታ ነበር።

በረንዳ ላይ ይዣት ወጣሁ። በጠራራ ፀሐይ ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ኪቦርዷ አንድ ወጥ ላስቲክ ነው። እንደ ጆሮ ቀጥ የሚሉት ሁለቱ አንቴናዎች ሲታጠፉ ደግሞ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ይሸፍናሉ። ለኛ ሰፈር አቧራ ታስባ የተሠራች ነው የምትመስለው! ባትሪዋ ግን ሞቷል፣ ወዳጄም ምትክ ፈልጎ አጥቷል።

የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ፔሩ ይህችኑ ላፕቶፕ ከ800 ሺህ በላይ ገዝታ ለተማሪዎች አከፋፈለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በገጠር ትምህርት ቤቶቿ ላይ የወጣ ጥናት ግን በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። መሣሪያው ብቻውን አያስተምርማ!

ስለዚህ እባካችሁ፣ ከሰበሰብነው ገንዘብ ለጥገና፣ ለመለዋወጫ ባትሪና ለመምህራን ሥልጠና የሚሆነውን ቀድመን እናስቀምጥ፣ የላፕቶፑ ቁጥር ቢያንስም ይነስ። መብራት ሲጠፋ በምን ቻርጅ እንደሚደረግም እንምከር። ያገለገለ ጠንካራ ላፕቶፕ ዋጋ የምታውቁ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ግቢ እንገናኝ።