«ኀዘን» አትበያት

ልጄ ሆዴ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በቴሌግራም የላክሽውን የአያትሽን የእምዬን ሥዕል ወንድምሽ አሳየኝ። እጅሽ ይባረክ። ርዕሱን «ኀዘን» ማለትሽን ግን አልወደድኩትም። ፊት ብቻ አይተሽ አትፍረጂ።

ያየሽው ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶ ነው አይደል? ስትነሳው አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ገበያው ሊያመልጣት ነው፤ ፎቶ አንሺው ደግሞ «አትነቃነቂ» እያለ ያቆያታል። ተናዳለች እንጂ አላዘነችም! ቀኝ እጇን ልብ በይው፤ መቀነቷን ጨብጣለች። ብሯን የምትቋጥረው እዚያ ነው። አንቺ እጇን ትተሽ ከአንገት በላይ ብቻ ሣልሽ። ነጠላዋንም እዪው፤ ጥለቱ ወደ ታች ነው። ለቅሶ ላይ ብትሆን ወደ ላይ ታዞረው ነበር። ይሄ ጠፍቶሽ ነው?

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስወስድሽ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት እያየሽ «ለምን ያፈጣሉ?» ትዪኝ ነበር። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ይሥላሉ። የሚነግሩሽ ማንነቱን ነው፤ የዕለት ስሜቱን አይደለም። ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው የተሸነፈች ሴት ናት ይላል። እሳቸው ግን በ1730 እ.ኤ.አ. ዘውድ የጫኑ፣ ያንኑ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ናቸው። መደፋታቸው ልመና ነው። ፊት ብቻ አይተሽ አትፍረጂ ያልኩሽ ለዚህ ነው። እጁን፣ ልብሱን፣ አቋሙን እዪ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እምዬ የሳቀችበት ፎቶ የለንም። ድዷን ተነቅሳ ነበር፤ ስትስቅ ጥርሷ ወተት ነው። ጎረቤቶቻችን ያንን ለማየት ቡና ላይ ሆን ብለው ያስቋት ነበር። አንቺ አልደረስሽባትም። አሁን እሱን ማን ይሥልልኝ?

አክስትሽ «ልጅሽ ከስታለች» ብላኛለች። እኔም ፊትሽን ብቻ አይቼ አልፈርድም፤ ግን ብዪ! በቀለም ሽታ ታፍነሽ አትደሪ፣ መስኮቱን ክፈቺ።

ሥዕሉን ለመምህርሽ ሳታስረክቢ እጇን ጨምሪበት። እምቢ ካልሽ ርዕሱን ቀይሪው፤ «ቅዳሜ ገበያ» በይው። ሽሮና በርበሬ በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ። ሽሮው ውስጥ እርጥብ ማንኪያ እንዳታስገቢ፤ ባለፈው ሻግቶ የተደፋው ይበቃል።

እናትሽ